የጄራኒየም አበባን ከውርጭ ስለ ማዳን
(ለከተማ ነዋሪዎችና ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በደጋ ከተሞች በየደጃፉ በጣሳና በሸክላ የተተከለው ቀይ ጄራኒየም እጅግ ያምራል። ነገር ግን ያው የጠራ ሰማይ ጠላቱ ነው። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው ምድር ደመና በሌለበት ሌሊት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ ነፋስም ከሌለ ቅጠሉ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር እንዲህ ያለ ሌሊት አይጠፋም። ማታ ለምልሞ የታየው ተክል ጧት የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይገኛል።

የጄራኒየም የትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪቃ ስለ ሆነ ውርጭን አይችልም። እንግሊዛዊው አትክልተኛ ጆን ትራደስካንት በ1631 እ.ኤ.አ. ከዘመዶቹ አንዱን ከፓሪስ ገዝቶ ወደ አገሩ አስገብቶ ነበር። በረዶ ወራት ሙሉ በሚቆይባቸው አገሮች ተክሉን ነቅለው፣ አፈሩን አራግፈው፣ ሥሩን ወደ ላይ አድርገው በቀዝቃዛ ምድር ቤት የሚሰቅሉም አሉ። በደጋችን ግን ይህን ያህል ድካም አያስፈልግም፤ የሚያስፈራው ሌሊቱ ብቻ ነውና። ጣሳው ሲመሽ ወደ ቤት ገብቶ ረፋድ ላይ ቢወጣ፣ ወይም ሰማዩን እንዳያይ በጣራ ክፈፍ ሥር ቢቀመጥ ይበቃል። በመሬት ያለውም ማታ ጆንያ ይልበስ፤ ጧት ይገለጥ።

ቤት ገብቶ የሚሞተው ጄራኒየም ግን ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በብርድ ሳይሆን በውኃ ነው። ባለቤቱ አዝኖለት በየቀኑ ያጠጣዋል፤ ተክሉም በብርድና በጨለማ እድገቱን ስላቆመ ውኃውን አይጠጣውም። አፈሩ ይጨቀያል፤ ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጣት በአፈሩ ውስጥ ተከቶ ደረቅ ካልሆነ በቀር ውኃ አይጨመርበት። የጣሳውም ቂጥ መበሳት አለበት። ቦታው ብርሃን የሚገባበት መስኮት ይሁን እንጂ የከሰል ምድጃ አጠገብ አይሁን፤ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል እንኳንስ ለአበባ ለሰውም ገዳይ ነው።

በአደባባይ የተተከለውን ሁሉ በጆንያ መሸፈን አይቻልም። ለዚህ የሚሻለው ውርጩ ሳይደርስ በመስከረም ቁራጭ መውሰድ ነው። አበባ ያልያዘ ጤናማ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ከቅጠሉ አንጓ በታች በስለታም ቢላዋ ይቈረጣል። የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሣሉ፤ ቁስሉም እስኪደርቅ ድረስ ጥቂት ሰዓት በጥላ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ አሸዋ በበዛበት አፈር ተተክሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠጣና አፈሩ እስኪደርቅ ይተዋል። በአንድ ጠባብ ሣጥን ውስጥ በርካታ ቁራጮች ስለሚያድሩ፣ አንድ የማዘጋጃ ቤት መስኮት ለአደባባዩ የሚሆነውን ተክል ሊያሳልፍ ይችላል።

ሥር ማውጣቱ የሚታወቀው ጫፉ አዲስ ቅጠል ሲያበቅል ነው። ይህም ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ልጆች በቀለ አልበቀለም እያሉ በየቀኑ እንዳይነቅሉት ሣጥኑ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።