ለራስ ያበሩት መብራት ሌላውን እንዳያሳውር



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት እጅግ አነስተኛ የሚመስል፥ ነገር ግን የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው። ይኸውም የመኪናን የፊት መብራት ከፍና ዝቅ፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያደርገው ማስተካከያ ሲያረጅ የሚያስከትለው ጉዳትና የሚጠገንበት መንገድ ነው። ንግግሬ በተለይ ለመካኒኮች አይደለም። ዓመቱን በመሥሪያ ቤት ሲያገለግል ቆይቶ፥ በዓል ሲደርስ ወይም ለሥራ ሲታዘዝ ብዙ ዘመን ያገለገለች መኪናውን አስነሥቶ ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ለሚጓዘው ሰው ነው።

ያን አገር የሚያውቅ ሰው የመብራትን ዋጋ ያውቃል። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ክምር ድንጋይን አልፎ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ ጎን ይዞ ወደ ነፋስ መውጫ ያመራል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ ስሟም እንደሚመሰክረው ነፋስ የማይለያት ናት። ሌላው መንገድ በእስቴ መካነ ኢየሱስ በኩል ወደ ስማዳ፥ ወደ ወገዳ ይዘልቃል። በክረምት ጉም በጉና ላይ ሲወርድ ቀኑ ራሱ ምሽት ይመስላል። በበጋም ቢሆን ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ ከገበያ የሚመለሰው ሕዝብ ገና በመንገድ ላይ ነው፤ አህያ የሚነዳው፥ ሸክም ያዘለችው፥ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ የሚሄደው ሁሉ በመንገዱ ዳር ይጓዛል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ በጋይንት በኩል አልፈዋል። ዳገቱን እየጠረቡ፥ ቁልቁለቱን እያስተካከሉ መቅደላ እስኪደርሱ ድረስ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ ጋይንትን በመኪና ማቋረጥ የሰዓታት ጉዳይ ሆኗል። ይሁን እንጂ የተለወጠው መንገዱ ነው እንጂ ገደሉ አይደለም። ፍጥነቱ በጨመረ መጠንም የዐይን ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ጨምሯል።

አሮጌ መኪናን ጠግኖ መያዝ ደግሞ ዛሬ የውዴታ ብቻ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ አገር በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ፎልክስዋገንም ትሁን ፊያት፥ ወይም ወደ መሬት ዝቅ ብላ የተሠራች የቆየች የስፖርት መኪና፥ ባለቤቷ እንደ ዐይኑ ብሌን ይጠብቃታል። ሞተሯን ያስፈትሻል፤ ቀለሟን ያሳድሳል፤ ጎማዋን ይለውጣል። መብራቷን ግን ከበራ በቂ ነው ብሎ ይተወዋል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። መብራት መብራቱ ብቻ አይበቃም፤ ወዴት እንደሚያበራ መታወቅ አለበት።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በብዙዎቹ የቆዩ መኪኖች የፊት መብራቱ ከኋላው በሁለት ብሎኖችና በአንድ መደገፊያ ተይዞ ይቆማል። አንደኛው ብሎን ከፍና ዝቅ፥ ሁለተኛው ግራና ቀኝ ያደርገዋል። የብሎኑ ራስ ድቡልቡል ሆኖ በትንሽ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ይገባል፤ ወይም ጥርሱ በፕላስቲክ ዳዶ ውስጥ ይሽከረከራል። ይህ ፕላስቲክ የአምፑሉ ሙቀት፥ የመንገዱ ንዝረትና የዘመን ብዛት ሲፈራረቁበት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ቀዳዳውም ይሰፋል። በአንዳንድ የስፖርት መኪኖች መብራቱ ሲፈለግ ከኮፋኖው ብቅ የሚል፥ ሳይፈለግ ደግሞ የሚደበቅ በመሆኑ መነቃነቁ ይበዛል።

አንድ ሰው «ጥቂት ቢላላ ምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። በቁጥር እናስላው። የመብራቱ ከፍታ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በደንብ የተስተካከለ አጭር መብራት በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ሄዶ በ60 ሜትር ላይ መሬት ይነካል። ማቀፊያው ከመደገፊያው 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ከሆነ፥ የ2 ሚሊ ሜትር ተኩል መላላት መብራቱን 1 ዲግሪ ያህል ያዘነብለዋል። ይህም የአንዲት የገብስ ቅንጣት ውፍረት ቢሆን ነው። ወደ ላይ ካዘነበለ ግን ብርሃኑ በ80 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ በአነስተኛ መኪና ከፊት ለፊት የሚመጣው ሹፌር ዐይን ያለበት ቦታ ነው። ያ ሹፌር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ ለ3 ሴኮንድ ብቻ ዐይኑ ቢጭበረበር፥ 50 ሜትር ያህል መንገድ ሳያይ ይነዳል። በጉና ቁልቁለት 50 ሜትር ማለት አንድ ሙሉ ጠመዝማዛ ማለት ሊሆን ይችላል። መብራቱ ወደ ታች ካዘነበለም ጉዳቱ ወደ ባለቤቱ ይዞራል፤ አህያውንም ሰውየውንም የሚያያቸው አጠገባቸው ከደረሰ በኋላ ነው።

እንግዲህ መመርመሩ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ፥ የመብራቱን ፊት በመዳፋችሁ በአራቱም ጎን ቀስ አድርጋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ጤናማ መብራት አይነቃነቅም። ከተንቀጠቀጠ ወይም ጠቅ ጠቅ ካለ ማቀፊያው አልቋል። በሌሊት ስትነዱም ብርሃኑ በመንገዱ ላይ ከኰረኰንቹ ጋር የሚደንስ ከሆነ ያው ምልክት ነው።

ጥገናውን የሚሠራው ሰው የመብራቱን ክብ ጌጥ ፈትቶ፥ ብሎኖቹን፥ ማቀፊያዎቹንና መብራቱን ወጥሮ የሚይዘውን ሞላ አንድ በአንድ ይይ። ብሎኑ ከዛገ በካቻቢቴ አያስገድደው፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጎ ይታገሥ። በጉልበት የዞረ ብሎን የቀረውንም ፕላስቲክ ይበላዋል። ከዚያ ያለቀውን ማቀፊያ አውጥቶ በአዲስ ይተካው። 178 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ መብራት በብዙ ፋብሪካዎች መኪኖች ላይ የተገጠመ ስለሆነ፥ የአንዱ መኪና ማቀፊያ ለሌላው የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ አሮጌውን ማቀፊያ ከነብሎኑ ይዞ መለዋወጫ ሱቅ መሄድና ማመሳሰል ይገባል። ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ከጠንካራ ናይሎን ይቀርጹታል። ልኩ የሚታወቀው ብሎኑ በእጅ ሲነቀነቅ የማይላላ፥ በካቻቢቴ ሲዞር ግን ያለ ትግል የሚዞር ሲሆን ነው። የላላ ወይም የተሰበረ ሞላም አብሮ ይለወጥ። በመጨረሻ የብሎኑ ጥርስ ተጠርጎ ፕላስቲክን የማይጎዳ ቅባት በስሱ ይቀባ።

ማስተካከል የሚመጣው ከጥገናው በኋላ ነው። መኪናዋ በደልዳላ ቦታ፥ ጎማዎቿ በልክ ተነፍተው፥ ሹፌሩም በመቀመጫው ተቀምጦ፥ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃ ትቁም። የመብራቱ መካከል ከመሬት ያለው ከፍታ ይለካና በግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግ፤ ከዚያም 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መስመር ይሰመር። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ በዚያ መስመር ላይ ሊያርፍ ይገባል።

ሦስት ነገሮችን ግን እንድትጠነቀቁ እለምናለሁ። መጀመሪያ፥ የላላውን መብራት በካርቶን ወይም በጨርቅ ወትፎ ማቆም ጥገና አይደለም፤ በመጀመሪያው ኰረኰንች ይወድቃል። ሁለተኛ፥ ብርሃን አነሰኝ ብሎ ለመብራቱ ያልተሠራ ኀይለኛ አምፑል መክተት ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ መንገዱን አያሳይም። ሦስተኛ፥ አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ ስለሆነች፥ በግራ ከሚነዱ አገሮች የመጣ መብራት አትግዙ። የዚያ መብራት ብርሃን በግራ በኩል ከፍ የሚል ነው፤ በእኛ መንገድ ደግሞ በግራ በኩል የሚመጣው ሌላው ሹፌር ነው።

ከዘመድ ጥየቃ ስትመለሱም የዘመድን ቸርነት አስቡ። ገብሱና ድንቹ በጆንያ ተሞልቶ ከኋላ ሲጫን የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ይቀናል፤ መብራቱም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ከባዱን ጭነት በተቻለ መጠን ወደ ፊት አቅርቡት፤ ካልተቻለም በቀን ተጓዙ።

ክቡራን አድማጮች፤ ሞተር ቢበላሽ የሚቸገረው ባለቤቱ ነው። የጠመመ መብራት ግን ባለቤቱ ከወንበሩ ሆኖ ጉድለቱን ላያየው ይችላል፤ የሚያየው ከፊት ለፊት የሚመጣው ነው። ያ ሰው ምናልባት ቤተሰቡን የጫነ ሹፌር፥ ምናልባትም ከአርብ ገበያ ወደ ቤቱ የሚመለስ እግረኛ ይሆናል። እግረኛው ጥሩምባ የለውም፤ «ዝቅ አድርግልኝ» ብሎ የሚጠቁምበት መብራትም የለውም። ስለ እርሱ ሊያስብለት የሚችለው መሪውን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ለሚቀጥለው ጉዞ ከመነሣታችሁ በፊት መዳፋችሁን በመብራቱ ላይ አሳርፋችሁ ጫን አድርጉት። ከተነቃነቀ፥ ጉዞው አንድ ቀን ይዘግይ።