ከጨረር በኋላ የሚቀረው ስብራት
(በጨለለቅቱ ከተማ የተደረገ ዲስኩር)



ከጨለለቅቱ ተነስቶ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ይርጋጨፌን፣ ዲላንና ሐዋሳን አልፎ ነው የሚደርሰው። እንዲህ ያለ ዘመድ የሸኘ ሰው በመካከላችሁ አይጠፋም። የወረፋውን፣ የወጪውንና የማደሪያውን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ። የዛሬው ነገሬ ታካሚው በማሽኑ ሥር በሚጋደምባቸው ጥቂት ደቂቃዎች በሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚሰበር፣ ስብራቱስ በምን እንደሚለካ ነው።

ሐኪም ጨረር የሚያዘው በግሬይ ነው። 1 ግሬይ ማለት አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክፍል የተቀበለው የ1 ጁል ጉልበት ነው። በተለመደው አሠራር ታካሚው በቀን 2 ግሬይ ገደማ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት ይወስዳል። ይህ ጉልበት እንደ ሙቀት ቢታሰብ ኢምንት ነው፤ ሰውነትን በአንድ ዲግሪ አንድ ሺኛ እንኳ አያሞቅም፣ ታካሚውም በሰዓቱ ምንም አይሰማውም። ጉዳዩ ያለው ጉልበቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። ዲኤንኤን ከሁለት ክር የተገመደ ገመድ አድርጋችሁ አስቡት። 1 ግሬይ በአንዲት ሴል ውስጥ አንዱን ክር ብቻ አንድ ሺህ ያህል ቦታ ላይ ይበጥሳል። ሴሏ ደህናውን ክር እያየች ይህን በቀላሉ ትጠግነዋለች። ሁለቱም ክሮች እኩል የሚበጠሱባቸው ቦታዎች ግን ከ35 እስከ 40 ገደማ ናቸው። ካንሰሩን የሚገድሉት በአብዛኛው እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ጤነኛውን አካል የሚጎዱትም እነሱው።

ታዲያ በዓይን የማይታይ ስብራት እንዴት ይቆጠራል? አንጋፋው ዘዴ ከክንድ በተቀዳ ደም ይጀምራል። የሚፈለገው ሊምፎሳይት የተባለው ነጭ የደም ሴል ነው። ይህ ሴል በደም ውስጥ ሲዘዋወር አይከፋፈልም፤ ካልተከፋፈለ ደግሞ ዲኤንኤውን የያዙት ክሮሞዞሞቹ በማይክሮስኮፕ ተለይተው አይታዩም። መፍትሔው የተገኘው በደቡብ ማሳዎች ከሚታወቅ ሰብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ከቀይ ቦሎቄ የሚወጣ ፋይቶሄማግሉቲኒን የተባለ ፕሮቲን ሊምፎሳይትን ቀስቅሶ እንደሚያከፋፍለው አሳየ። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ የበላን ሰው የሚያስመልሰውም ይኸው ፕሮቲን ነውና፣ እናቶቻችን ቦሎቄ ሲቀቅሉ የማይቸኩሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ደሙ ከዚህ ፕሮቲን ጋር በ37 ዲግሪ ሙቀት 48 ሰዓት ያህል ይቆያል። ክፍፍሉን መሃል ላይ የሚያስቆም መድኃኒት ይጨመርበታል። ከዚያ ሴሎቹ መስታወት ላይ ተንጠባጥበው፣ ቀለም ተቀብተው አንድ በአንድ ይታያሉ። ጤነኛ ክሮሞዞም አንድ ወገብ አለው። ሁለት የተሰበሩ ክሮሞዞሞች ተሳስተው ሲጋጠሙ ግን ባለ ሁለት ወገብ ክሮሞዞም ይፈጠራል። ጨረር ያላገኘው ሰው ዘንድ ይህ ከአንድ ሺህ ሴል በአንዱ ቢገኝ ነው፤ ስለዚህ ብዛቱ ሰውየው የተቀበለውን የጨረር መጠን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያንያ ከተማ፣ ከተተወ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ የወጣ የሲዝየም 137 ምንጭ በሰዎች እጅ ገብቶ አራት ሰዎች ሞቱ። ከተጎጂዎቹ መለኪያ የያዘ አልነበረምና፣ ምን ያህል ጨረር እንዳገኛቸው የመሰከረው ደማቸው ነው።

አዲሱ ዘዴ ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሚ ሮጋኩ፣ ዊሊያም ቦነርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እንዳሳዩት፣ ሁለቱም ክሮች በተበጠሱ በደቂቃዎች ውስጥ ሴሏ በስብራቱ ዙሪያ ኤችቱኤኤክስ በተባለ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የተባለ ምልክት ትለጥፋለች። ይህን ምልክት ብቻ ለይቶ የሚይዝ፣ ብርሃን የሚሰጥ ቀለም ያለው አንቲቦዲ ሲጨመር ስብራቱ እንደ ነጥብ ያበራል። ነጥቦቹ ከጨረሩ በኋላ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይበዛሉ፤ በማግስቱ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ለእኔ ከመጀመሪያው ቁጥር ይልቅ ይህ የማግስቱ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። ሳይጠገን የቀረው ስብራት ነውና ሴሏ ትኑር ወይ ትሙት የሚለውን የሚወስነው። ኤቲኤም የተባለው ጂን ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ሰዎች ሌላው ታካሚ የሚችለውን ጨረር የማይችሉት ስብራቱን በወጉ መጠገን ስለሚያቅታቸው ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። እነዚህ መለኪያዎች በአመዛኙ የምርምርና የአደጋ ጊዜ መሣሪያዎች ናቸው። በበለጸጉት አገሮችም ቢሆን የእያንዳንዱ ታካሚ መጠን ዛሬም የሚወሰነው በእነሱ አይደለም። ሕክምናው በየቀኑ እየተከፋፈለ የሚሰጥበትን ምክንያት ግን ቁልጭ አድርገው ያሳዩናል፦ ጤነኛው አካል በአዳር ይጠግናል፣ ካንሰሩ በአመዛኙ በጥገናው ይደክማል። ታካሚው በመሃል ሲያቋርጥ ይህ ሒሳብ ይበላሻል፤ የተረፉት የካንሰር ሴሎች ይራባሉና። በማኅፀን በር ካንሰር ሕክምናው ከስምንት ሳምንት ገደማ ሲያልፍ፣ በእያንዳንዱ የዘገየ ቀን በሽታውን የመቆጣጠር ዕድል ወደ 1 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል።

በአገራችን ይህ ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ፣ በኮባልት 60 ማሽን ነው። የኮባልት ኃይል በየ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ በግማሽ ይወርዳል፤ ያኔ ለአንድ ታካሚ የሚፈጀው ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፣ ወረፋውም አብሮ ይረዝማል። ከሃያ ዓመት በላይ መላው አገር በዚያ አንድ ማዕከል ደጅ ጠንቷል። ኋላ ጅማን የመሳሰሉ ማዕከሎች ሊኒየር አክስለሬተር የተባለውን የጨረር ማሽን አግኝተዋል፤ ከዚህ ለሚነሳ ሰው ግን መንገዱ ዛሬም ሩቅ ነው።

ሕክምናውን የጀመረ ሰው ስንቁ አልቆ፣ ወይም ቡና የሚለቅምለት አጥቶ በሦስተኛው ሳምንት ከተመለሰ፣ የተቀበለው መከራ ሁሉ ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄዬ ለዕድሮቻችሁ ነው። ለሐዘን ከምታወጡት ጥቂቱን ቀንሳችሁ፣ አዲስ አበባ ለሚታከም ጎረቤታችሁ እስኪጨርስ ድረስ የማደሪያውን ክፈሉለት።