ከቀለሙ ሥር የቆየው የፍቅር አምላክ



በጀርመን አገር በድሬዝደን ከተማ፥ የጥንታውያን ሠዓልያን ሥራዎች በተሰበሰቡበት ቤተ መዘክር ውስጥ፥ ቁመቱ 83፥ ወርዱ ደግሞ 64.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዘይት ቀለም ሥዕል ይገኛል። ሠዓሊው የዴልፍት ተወላጅ የሆነው ሆላንዳዊው ዮሐንስ ፈርሜር ነው። የተሣለውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1657 እስከ 1659 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

በሥዕሉ ላይ አንዲት ወጣት ሴት በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ደብዳቤ ታነባለች። የፊቷ ጥላ በመስኮቱ መስታወት ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ሥጋጃ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ፖምና ኮክ የያዘ ሳሕን ዘንበል ብሎ ተቀምጧል፤ አንደኛው ኮክ ለሁለት ተከፍሎ ዘሩ ወጥቶ ይታያል። ከፊት ለፊት በስተቀኝ በኩል፥ ሠዓሊው ለተመልካቹ ብቻ ገለጥ ያደረገለት የሚመስል አረንጓዴ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ከሴቲቱ ኋላ ያለው ሰፊ ግድግዳ ግን ባዶ ነበር።

ሥዕሉ በ1742 ለሳክሶኒው መስፍን ስብስብ ሲገዛ የሬምብራንት ሥራ ነው ተብሎ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የሶቪየት ጦር ወደ አገሩ ወስዶት በ1955 መልሶታል። ይህን ሁሉ ሲያልፍ የተመልካቹ ጥያቄ አልተለወጠም፤ ደብዳቤው ከማን ነው? አንዱ የናፍቆት ደብዳቤ ነው ሲል፥ ሌላው የመርዶ ነው ይላል። በዚያን ዘመን የሆላንድ መርከቦች እስከ ሩቅ ምሥራቅ ይጓዙ ስለ ነበር፥ ባሏ ባሕር ተሻግሮ የቀረባት ሴት ናት የሚልም አይጠፋም። ባዶው ግድግዳ ለማንኛውም ግምት ቦታ ነበረው። ሥዕሉን ብዙ ሰዎች የወደዱትም በዚሁ ዝምታው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1979 ሥዕሉ በራጅ ተነሣ። ነጩ ቀለም ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ በመሆኑ ጨረሩን አላሳልፍ ይላል፤ ከላዩ ሌላ ቀለም ቢቀባበትም እንኳ በራጁ ፊልም ላይ ነጥቶ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ በባዶው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተገኘ፤ ይኸውም ሮማውያን ኩፒድ የሚሉት የፍቅር አምላክ፥ ራቁቱን የቆመ ቀስት የያዘ ልጅ ነው። በስተቀኝ ግርጌም መጀመሪያ ተሥሎ የነበረ አንድ ትልቅ የወይን ብርጭቆ ታየ።

ብርጭቆውን የሸፈነው ራሱ ፈርሜር ነበርና፥ ኩፒድንም የደመሰሰው እርሱ ነው ተብሎ ታመነ። ከዚህም የተነሣ አንድ የሚያምር ትርጓሜ ተወለደ፦ ታላቁ ሠዓሊ ግልጽ የሆነውን ምልክት አጥፍቶ የሴቲቱ ዝምታ እንዲናገር አደረገ የሚል። ይህ ትርጓሜ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጸንቶ ቆየ። የሚያስተውል ዐይን ላለው ሰው አሳማኝ ነበር። ስሕተት ነበር እንጂ።

በ2017 የእድሳት ሥራ ሲጀመር፥ በግድግዳው ላይ ያለው ቫርኒሽ ከሌላው የሥዕሉ ክፍል የተለየ ጠባይ እንዳለው ታወቀ። ከቀለሙ እጅግ ትንሽ ቅንጣት ተወስዶ ንብርብሩ በቤተ ሙከራ ሲመረመር፥ በኩፒድና በላዩ በተቀባው ቀለም መካከል አሮጌ ቫርኒሽና እድፍ ተገኘ። እድፍ በአንድ ሌሊት አይከማችም። ኩፒድ ከመሸፈኑ በፊት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲታይ ኖሯል ማለት ነው፤ ፈርሜር ደግሞ በ1675 ሞቷል። የሸፈነው እጅ የሌላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ውሳኔ መጣ። የተደረበው ቀለም ራሱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም፤ ትውልድ ሁሉ ያየውና የወደደው እርሱን ነው። ከተነሣ ደግሞ ተመልሶ አይተካም። ግንብ አፍርሶ ከሥሩ ያለውን መሠረት ማየት የፈለገ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። በ2018 ይነሣ ተባለ። መድኃኒት ተጠቅሞ ማጠብ ሥሩን ስለሚያሰጋ፥ ሥራው በማይክሮስኮፕ እየታየ በቀዶ ጥገና ምላጭ፥ ቅንጣት በቅንጣት ተፋቀ። መስከረም 2021 ላይ ሴቲቱ ከነኩፒዷ ለሕዝብ ታየች።

ኩፒድ በእግሮቹ ጭምብሎችን ረግጧል። ይህን ለማንበብ የዘመኑን የምልክት መጻሕፍት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ኦቶ ቫን ፌን በ1608 በአንትወርፕ ያሳተመው የፍቅር ምልክቶች መጽሐፍ ከእነርሱ ዋነኛው ነው። ጭምብል የማታለል ምልክት ሲሆን፥ ጭምብልን የሚረግጥ ፍቅርም ሽንገላን ድል የነሣ እውነተኛ ፍቅር ነው። ምልክት ካልተማሩት ዝም ይላል፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዐይን፥ ኃጥአን ግን በጎን ሆነው በአንድ ዐይን እንደሚሣሉ ያልሰማ እንግዳ፥ ሠዓሊው መልክ መሣል ያልቻለ ይመስለዋል።

ይሁን እንጂ ኩፒድ መገለጡ ነገሩን ፈጽሞ አልዘጋውም። ዘንበል ያለውን ፍሬ የሔዋንን ስሕተት የሚያስታውስ አድርገው የሚተረጉሙ አሉ፤ ይህ ከሆነ በግድግዳው ላይ ታማኝነት፥ በጠረጴዛው ላይ ፈተና ተቀምጧል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ለንደን ባለው በሌላው የፈርሜር ሥዕል ላይ ኩፒድ ካርታ ከፍ አድርጎ ይዞ በግድግዳ ላይ ይታያል። በ1676 በተጻፈው የመበለቲቱ ንብረት ዝርዝር ውስጥም አንድ የኩፒድ ሥዕል ተመዝግቧል። እንግዲህ ሠዓሊው በቤቱ የነበረውን ዕቃ ሣለ ወይስ ምሥጢር ጻፈ? ሁለቱንም ሳያደርግ አልቀረም። ኩፒድ ደብዳቤው የፍቅር መሆኑን ይመሰክራል፤ ሴቲቱ ምን ብላ እንደምትመልስ ግን አይናገርም።

ኩፒድ የሌለበት፥ መጽሐፍም የማያስፈልገው የፍቅር ሥዕል ደግሞ በደብሊን በአየርላንድ ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር አለ። ፍሬድሪክ ዊልያም በርተን በ1864 በውሃ ቀለም የሣለው ነው። መነሻው፥ ዊትሊ ስቶክስ ከዴንማርክ ቋንቋ ተርጉሞ በ1855 ያሳተመው ጥንታዊ የግጥም ታሪክ ነበር። ሔለሊል የተባለች ልጃገረድ ጠባቂዋን ሂልደብራንድን ትወዳለች፤ አባቷ ሰባት ወንድሞቿን አስነሥቶ እንዲገደል ያዛል። በውጊያው አባቷና ስድስቱ ወንድሞቿ ይወድቃሉ፤ እርሷ የመጨረሻውን ታናሽ እንዲምርላት ስትለምነው ወዳጇ ራሱ ይሞታል።

አንድን ታሪክ ወድዶ ሥዕል የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ደም የፈሰሰበትን ቦታ ነው። በርተን ግን በታሪኩ ውስጥ ያልተነገረ አንድ ቅጽበት ፈጠረ። በጠባብ የግንብ ደረጃ ላይ ሁለቱ ይተላለፋሉ፤ እርሷ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳለች፥ የጦር ልብስ የለበሰው እርሱ ክንዷን ይዞ ይስማል። ዐይን ለዐይን አይተያዩም። በደረጃው ላይ የነጭ አበባ ቅጠሎች ተበትነዋል። የሚመጣውን የሚያውቅ ተመልካች ቅጠሎቹን አይቶ ይገባዋል፤ የማያውቅም ቢሆን ስንብት መሆኑን አይስተውም። የወዳጅ ሥዕል ከባለ ታሪኩ አልፎ የሚሄደው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሥዕሉን ለቤተ መዘክሩ በ1900 ያወረሰችው የተርጓሚው እኅት ማርጋሬት ስቶክስ ናት። በ2012 በተደረገ ምርጫ የአየርላንድ ሕዝብ ከሥዕሎች ሁሉ አስቀድሞ መርጦታል። ነገር ግን የውሃ ቀለም ለብርሃን እጅግ ስስ ነው፤ በየቀኑ ቢታይ ሰማያዊው ቀሚስ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሥዕሉ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ በሩም የሚከፈተው በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው።