ዳቦ ቤት ከመክፈታችን በፊት
(በአንኮበር ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



አጥቢያዎች ራሳቸውን እንዲችሉ ከሚቀርቡት የልማት ሐሳቦች መካከል ዳቦ ቤት ዘወትር ይነሣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዳቦ በየዕለቱ ይሸጣል፣ ቤተ ክርስቲያንም ቦታ አላት። በዕቅዱ ላይ የዱቄቱ ዋጋ፣ የምድጃው ወጪና የሚጠበቀው ትርፍ በጥንቃቄ ይሰላሉ። በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ ሊጡን የሚያቦካው ሰው ግን «የሠራተኛ ደመወዝ» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። የምናገረው ስለዚያ መስመር ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ የዳቦ ጋጋሪዎችን ሕመም ገልጿል፤ የዱቄት ብናኝ ሳልንና የትንፋሽ ማጠርን እንደሚያመጣ፣ ሌላው ሰው ሲተኛም እነርሱ እንደሚሠሩ ጽፏል። በእንግሊዝ አገር ስለ ዳቦ ቤቶች ራሱን የቻለ ሕግ የወጣው ከዚያ 163 ዓመት በኋላ፣ በ1863 ነው። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ማሠራትን ከለከለ፤ ግድግዳው ኖራ እንዲቀባ፣ ቤቱ አየር እንዲያገኝ፣ መኝታም ከመጋገሪያው እንዲለይ አዘዘ።

በኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ በ1895 የጋጋሪ ሥራ በቀን ከ10፣ በሳምንት ከ60 ሰዓት እንዳይበልጥ ተደነገገ። ከዐሥር ዓመት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች በአራት ብልጫ ሕጉን ሻሩት፤ ሠራተኛውና አሠሪው በፈቃዳቸው የተስማሙበትን ሰዓት መንግሥት ሊወስን አይገባም የሚል ነበር ምክንያታቸው። ይህ አነጋገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። «ወድዶ ነው የገባው» ሲባል እንሰማለን። በእኔ አስተያየት ግን የቸገረው ሰው የተቀበለውን ሁሉ ወድዶ ተቀበለ ማለት አይቻልም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ1925 ስለ ሌሊት ዳቦ መጋገር ክልከላ ራሱን የቻለ ስምምነት አውጥቷል።

በአገራችን በአሁኑ ጊዜ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወስኗል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም።

እዚህ ላይ አባቶችን በትሕትና ልጠይቅ። ዳቦ ቤቱ ሲከፈት ለሌሊቱ ሥራ በቅድሚያ ዓይናችን የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ከሩቅ አገር መጥተው በደጀ ሰላም አጠገብ በጎጆ በሚያድሩት የአብነት ተማሪዎች ላይ አይደለምን? «ከልመና ያድናቸዋል» የሚለው ሐሳብ ከርኅራኄ የመነጨ ነው። ሌሊቱን ሲያቦካ ያደረ ልጅ ግን ጠዋት ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ዜማውን ሊይዝ አይችልም። የመጣበትን ትምህርት አስጥለን ዳቦ ብንሰጠው ምን እናተርፋለን?

ስለ ቤቱም አንድ ነገር ልጨምር። አንኮበር ብርድ ነው፤ ጋጋሪው በሩንና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋቱ አይቀርም። ጭሱም ብናኙም አብሮት ይዘጋል። ስለዚህ የጭስ ማውጫውና ከፍ ብሎ የሚሠራው የአየር መውጫ ግንቡ ሳይጀመር በሥዕሉ ላይ ይታሰቡ፤ ኋላ ግድግዳ ማፍረስ ወጪው ብዙ ነው። ዱቄቱን ከጆንያ ከፍ አድርጎ ከመገልበጥ ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ ወለሉንም በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ገንዘብ አይጠይቅም።

«ሌሊት ካልተሠራ ለጠዋት አይደርስም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በብርድ አገር ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልም፤ ጋጋሪውን በእኩለ ሌሊት የሚያስነሣውም ይኸው ነው። ነገር ግን እርሾውን ቀንሶ ሊጡን በምሽት አቡክቶ፣ ከድኖ በቀዝቃዛ ክፍል ቢያሳድሩት ሌሊቱን ቀስ እያለ ይነሣል። ጋጋሪው ተኝቶ አድሮ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ምድጃውን ሲያነድድ ሊጡ ደርሶ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ዳቦ ከሌሎች ዳቦ ቤቶች አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይወጣ ይሆናል፤ በዕቅዱም ላይ የሽያጩ ሰዓት በዚሁ ልክ ይጻፍ።