የቱርቦ ግፊትና የቆላው ሐሩር

ቀዳማዊ አቅራቢ፦ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከመተማ ዮሐንስ ሰሊጥ ጭኖ፣ ገንዳ ውኃንና አይከልን አልፎ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ጎንደር የሚወጣ ሾፌር፣ ዳገቱ ሲያታክተው መካኒኩን «የቱርቦውን ግፊት ጨምርልኝ» ቢለው፣ እኅቴ፣ እርስዎ ይፈርዱበታልን?

ዳግማዊት አቅራቢ፦ በእርሱ ሳይሆን፣ ሳይመረምር በሚታዘዝለት መካኒክ እፈርዳለሁ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ በ1905 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያስመዘገበለት ይህ ጥበብ፣ በከንቱ ይወጣ በነበረው ጭስ ኃይል ነፋስን አምቆ ለሞተሩ የሚያቀብል ሲሆን፣ የታመቀ ነፋስ በባሕርዩ ይግላልና፣ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የሚያዝያ ሐሩር ላይ የታመቀውን ነፋስ የሚያበርደው ኢንተርኩለር በአቧራ ታፍኖ፣ ናፍጣውም ያለ ልክ ተጨምሮ ከተገኘ፣ ነገሩ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ ፊልትሮውና የአየር ጎማዎቹ ይፈተሹ፤ የግፊትና የጭስ ግለት ጌጅም ይተከል፤ ከዚያ ወዲያ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር።

ቀዳማዊ፦ መተማ ላይ የተወሰነው ልክ በጎንደርም ይጸናልን?

ዳግማዊት፦ ረቂቁ ነገር ይህ ነው። ጌጁ 1 ባር እንዲያሳይ፣ ቱርቦው በመተማ ነፋሱን 2.1 ጊዜ ያህል ማመቅ ሲበቃው፣ አየሩ በሳሳበት በጎንደር ግን ወደ 2.3 ጊዜ ሊያምቅ፣ ስለዚህም አብልጦ ሊፈጥን ግድ ይሆንበታል፤ ወሰኑ እንግዲህ በደጋው ይቆረጥ።

ቀዳማዊ፦ ጥቁር ጭስን የጉልበት ምልክት ለሚያደርጉትስ?

ዳግማዊት፦ ያ በወጉ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ዋጋውንም የከፈሉት እነርሱው ናቸው። ይልቅስ ጎንደር መዳረሻ ላይ ካለችው አዘዞ ሲደርሱ፣ ዘይቱ ቱርቦውን እንዲያቀዘቅዝ፣ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ያቆዩት።