ቁጥር እንዴት ድምፅ ይሆናል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር

ዛሬ እንድናገርበት የተፈቀደልኝ ርእስ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን ሰፊ ነው። ይኸውም ከአሮጌ የሲዲ ማጫወቻ የወጣን ቺፕ በቤት ውስጥ እንደ ገና ወደ ሥራ መመለስና ድምፁን ለማሻሻል የሚደረገውን ለውጥ በትክክል መመዘን ነው። ከወላጆች መካከል «ስልክ በኪስ ሆኖ ዘፈን በሚያሰማበት ዘመን በአሮጌ ዕቃ መድከም ለምን አስፈለገ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። በስልክ ውስጥ ያለው መለወጫ ተዘግቶ ስለሚሠራ እኛ ተማሪዎች ልንመረምረው አንችልም። አሮጌው ቺፕ ግን እግሮቹ በዐይን የሚቈጠሩ፥ ሥራው በመሣሪያ የሚለካ መምህር ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው፤ በሲዲ ላይ የተጻፈው ግን ቁጥር ብቻ ነው። ለዚህም የማዕበሉ ከፍታ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ በአንድ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ስለሚጻፍ ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን ይይዛል። ይህን ቁጥር መልሶ ኤሌክትሪክ የሚያደርገው መሣሪያ ከዲጂታል ወደ አናሎግ መለወጫ ይባላል። ከእርሱ የወጣው ኤሌክትሪክ በአምፕሊፋየር በርትቶ ስፒከሩን ሲያንቀጠቅጥ ያን ጊዜ ቁጥር ድምፅ ይሆናል።

እኔ የሠራሁበት ቺፕ በሆላንድ አገር የሚገኘው የፊሊፕስ ኩባንያ ያወጣው ቲዲኤ 1541ኤ ነው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው በ1985 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቺፑ 28 እግሮች አሉት፤ የሚሠራውም በሦስት ቮልቴጅ፥ ማለት በፖዘቲቭ 5፥ በኔጋቲቭ 5 እና በኔጋቲቭ 15 ቮልት ነው። የሚሰጠው ጅረት በሙሉ 4 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ይህ ለ65,536 ሲካፈል አንዱ ደረጃ ከሚሊአምፔር ዐሥር ሺሕኛ እንኳ ያንሳል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ከ16ቱ ቢቶች ትልቁ 2 ሚሊአምፔር ይይዛል፤ የሚቀጥለው የዚያን ግማሽ፥ ሦስተኛው ደግሞ የዚህን ግማሽ እያለ ይወርዳል። ትልቁ ቢት ከሺሕ አንድ ብቻ ቢዛነፍ መዛነፉ 33 ደረጃ ያህል ይሆናል። ያን ጊዜ ትንንሾቹ ቢቶች የሚናገሩት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ፍጹም እኩል የሆኑ ሁለት ትራንዚስተሮችን መሥራት ደግሞ ለማንም ፋብሪካ አይቻልም።

የፊሊፕሱ መሐንዲስ ሩዲ ቫን ደ ፕላሽ በ1976 እ.ኤ.አ. ጽፈው ያሳተሙት ብልኀት ለዚህ ችግር መድኀኒት ሆነ። ብልኀቱን በምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ወንድማማቾች በየቀኑ አንድ እንጀራ ይካፈላሉ እንበል። እናታቸው ስትቆርስ አንዱ ወገን ሁልጊዜ ጥቂት ይበልጣል። ዛሬ ታላቁ ትልቁን ቢወስድ፥ ነገ ታናሹ ቢወስድ፥ በወሩ መጨረሻ ሁለቱ እኩል በልተዋል። በቺፑም ውስጥ ጅረቱ በግምት ለሁለት ይከፈልና ሁለቱ ወገኖች በፍጥነት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ በአማካይ እኩል ይሆናሉ። ከመለዋወጡ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ከቺፑ ውጭ የሚተከሉ 14 ካፓሲተሮች ያለሰልሱታል። እንግዲህ ፍጹም የሆነ ክፍል ባይገኝም ተራ በተራ የሚያሠራ ሥርዐት ፍጹም ለመሆን የቀረበ ሥራ ያወጣል ማለት ነው።

በቤት የሚሠራ ሰው ዋና ተግባር ይህን ሥርዐት አለማወክ ነው። ካፓሲተሮቹ ለቺፑ እግር እጅግ ቀርበው ይበየዳሉ፤ ሽቦው አጭር፥ ኤሌክትሪኩም የጠራ ይሆናል። ከቺፑ የሚወጣውን ጅረት ወደ ቮልት ለመለወጥ በክፍል የተማርነው የኦም ሕግ ይበቃል፤ 4 ሚሊአምፔር በ1,500 ኦም ሲባዛ ከማዕበሉ ራስ እስከ ግርጌው 6 ቮልት ይሆናል። የ220 ቮልቱን ትራንስፎርመር ግን ዐዋቂ በሌለበት ማንም ተማሪ እንዳይነካ አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ማሻሻሉ ልምጣ። ስለዚህ ቺፕ ብዙ ምክር ይነገራል፤ ብዙ ገንዘብም ይወጣበታል። ከፋብሪካው ተመርጠው የወጡት የተሻሉ ቺፖች የዘውድ ምልክት ታትሞባቸዋል። ስለዚህም ተራውን ቺፕ ፍቀው ዘውድ እያተሙ በውድ ዋጋ የሚሸጡ አታላዮች ተነሥተዋል። ዘውዱን ያየ ዐይን ጆሮውንም «ሰማህ» ያሰኘዋል። ታዲያ እውነቱን ከምኞት በምን እንለያለን? እኔ የያዝኩት ደንብ ሦስት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፤ የሚለካውን በመሣሪያ መለካት፤ የሚሰማውን ደግሞ አድማጩ የትኛው እንደ ሆነ ሳያውቅ ማሰማት።

የመጀመሪያው ለውጥ ድምፅ የሚያወጣውን የመሬት ሽቦ ከትራንስፎርመሩ ሽቦ መለየት ነበር። ጉምጉምታው በኦሲሎስኮፕ ሲታይ ወደ ግማሽ ወረደ። ለዚህ የአንድ ክንድ ሽቦ በቃ።

ሁለተኛው ስለ ዲጂታል ማጣሪያ ነው። በብዙ ማጫወቻዎች ቁጥሩ ቺፑ ዘንድ ሳይደርስ በየመካከሉ አዲስ ነጥብ እየተሰላ በሴኮንድ 176,400 ይደረጋል። በ1996 እ.ኤ.አ. ርዮሄይ ኩሱኖኪ የተባሉ ጃፓናዊ ይህ ቢቀር ይሻላል ብለው ጻፉ፤ ብዙ የቤት ሠሪዎችም ተከተሏቸው። ነገር ግን ሒሳቡ ሲሠራ ማጣሪያው የተወገደበት ድምፅ በ20,000 ኸርዝ ላይ ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። ይህ በጆሮ ይታወቅ እንደ ሆነ ለመፈተን የሁለቱን ድምፅ ኀይል በቮልት መለኪያ አስተካከልኩ፤ ትንሽ የጮኸው የተሻለ ይመስላልና። ከዚያም የጸናጽል ድምፅ ያለበትን ቀረጻ ለታናሽ እኅቴ ከመጋረጃ ወዲያ ዐሥር ጊዜ አሰማኋት፤ የትኛው እንደሚሰማም ጓደኛዬ ሳንቲም እየጣለ ወሰነ። ዘጠኙን ለየች። በግምት ብቻ ዘጠኝና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ከመቶ አንድ ያህል ስለ ሆነ ልዩነቱ በእርግጥ ይሰማል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ድምፁ የሚያልፍበት ካፓሲተር ነው። እጅግ ተወድሶ በውድ የሚሸጠውንና መጠኑ እኩል የሆነውን ተራውን በዚያው ሥርዐት አሰማኋት፤ ከዐሥሩ አምስቱን ለየች። ሳንቲሙ ራሱ ቢመልስ ኖሮ ከዚህ አያንስም ነበር። ዐሥር ጊዜ መስማት ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም፤ ነገር ግን አባት ለደብተር የሰጡት ገንዘብ ለዚያ ካፓሲተር ከመውጣቱ በፊት ይህን ያህል ምስክር መጠየቅ ይገባል።

ውድ ጓደኞቼ፤ እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። በውጭም ዘውድ የታተመበት ነገር ብዙ ይጠብቀናል፤ የሚሸጥ ዕቃ፥ የሚነገር ወሬ፥ የሚሰጥ ተስፋ። ሁሉን መጠርጠር ዕውቀት አይደለም፤ ሁሉን ማመንም ዕውቀት አይደለም። ዕውቀት ማለት መጋረጃውን ጋርዶ፥ ሳንቲሙን ጥሎ፥ የተገኘውን መልስ የወደዱትም ባይሆን መቀበል ነው።

ስለዚህ በዚህ የደስታ ቀን ሁለት ልመና አቀርባለሁ። ወላጆች በየቤታችሁ ጓዳ የተጣሉትን ሬዲዮኖችና ማጫወቻዎች ከመጣላችሁ በፊት ለትምህርት ቤቱ አስረክቡ። መምህራንም አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ መበየጃና ከቤተ ሙከራው ኦሲሎስኮፕ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ፍቀዱልን። ከእኛ ኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ከእነዚህ ዕቃዎች ጥቂቱን ቢያድኑ፥ ሁሉንም ቢመረምሩ፥ ልመናዬ ከንቱ አልቀረም።