ስለ ሰውነት ቁመናና ስለ ተመልካች ዓይን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለ ሰውነት ቁመናና ስለ ቁንጅና ነው። ርእሱ ለበዓል የማይገባ ቀልድ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በመካከላችን ጉዳት ያደረሰ ነገር ስለ ሆነ ዝም ልንለው አልወደድንም።

በካዛንቺስ፣ የሰፈሩ ብዙ ቤት በ2017 ዓ.ም. ሳይፈርስ በፊት፣ ለቡና የተሰበሰቡ አያቶቻችን ሞላ ያለውን ልጅ ሲያዩ «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» ይሉት ነበር። የቀጠነውን ግን «ምነው ልጄ ከሳህ? አመመህ ወይ?» ብለው እንጀራ ያቀርቡለት ነበር። የ1966ንና የ1977ን ረኃብ ያየ ትውልድ ውፍረትን የጥጋብና የጤና ምልክት አድርጎ ቢቈጥር አይፈረድበትም። በቂርቆስ ወደ ጂም የሚሄዱ ወጣቶች ደግሞ ያንኑ ውፍረት ለማጥፋት ገንዘብ ከፍለው ላባቸውን ያፈስሳሉ። እንግዲህ አንዱ ገላ በአያት ዘንድ ውበት፣ በልጅ ልጅ ዘንድ ነውር ሆኗል ማለት ነው።

ከከተማችን ወጥተን ወደ ደቡብ ኦሞ ብንሄድ፣ የቦዲ ወጣቶች ለካኤል በዓል ሲዘጋጁ ለወራት ወተትና የከብት ደም እየጠጡ ይወፍራሉ፤ ከሁሉ የወፈረውም በሕዝቡ ዘንድ ታላቅ ክብር ያገኛል። በአንጻሩ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ቀጭን ሰው ነበር፤ ያም ቀጭን ገላ የአገር ኩራት ሆነ።

በእንግሊዝ አገር በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ወንዶች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን፣ ከፊሎቹን ወደ ምግብ አዳራሽ ሲገቡ፣ ከፊሎቹን በልተው ሲወጡ፣ የሴቶች ፎቶግራፍ እያሳዩ ጠየቋቸው። የተራቡት ከጠገቡት ይልቅ ወፈር ያሉትን ሴቶች ቆንጆ አሏቸው። ፎቶግራፉ ያው ነው፤ የተለየው የተመልካቹ ሆድ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ ራሳችን ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የክፍል ጓደኛችንን «በርሜል» ብለን ሰየምናት። እኛ ስቀን ረሳነው፤ እርስዋ ግን አልረሳችውም። ምሳዋን ለሌላ እየሰጠች ወራት ቈየች፤ አንድ ጧት ሰልፍ ላይ ሳለን ወደቀች። ወደ ጤና ጣቢያ ተሸክመን የወሰድናት እኛው የሰየምናት ነን፤ ስንሸከማትም በጣም ቀላል ነበረች። ዛሬ ድና ከመካከላችን ተቀምጣለች፤ ይህንም የምንናገረው እርስዋ ፈቅዳልን ነው።

ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ የሰው ክብደት ለጤናው የሚያሰጋ እንደ ሆነ ይህን የሚነግረው ሐኪም ነው፤ የእኛ ሳቅ ማንንም አላዳነም። እኛ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤቱ እንወጣለን። ያወጣነውን ስም ግን እናንተ እንዳትወርሱት አደራ እንላችኋለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።